ምን ጠፍቷችሁ ነው?

የእህቴ ልጅ ከደቡብ አፍሪካ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ እናቱ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ በእግር እንሂድ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ወዴትም። ዝም ብለን።»

ሆሳዕና ውስጥ ዝም ብሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የባጃጅ ሳንቲም ያጣና ስኳር አለብህ የተባለ። እኔ ለጊዜው ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ከጎፈር ሜዳ መናኸሪያ ለመድረስ እንኳ ባጃጅ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተለጥፌ፣ አንድ ጉልበቴን ደጅ አስቀርቼ የምጓዝ ሰው ነኝ።

እህቴ ስኒውን እያለቀለቀች ጣልቃ ገባች። «ያን ሁሉ ብር ተበድረን የላክንህ መሄድ ልትማር ነው? መሄድማ እዚሁ በነጻ ነበር። እኔ በአንተ ዕድሜ ቅቤ ተሸክሜ ስንት ሰዓት ተጉዤ ስመለስ ‹በእግር ሄድኩ› ብዬ አላውቅም። ‹ገበያ ሄድኩ› ነው ያልኩት።»

ከሀዲያና ከከምባታ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የተመለሰ ልጅ የሚጠበቅበት ነገር የታወቀ ነው። ሆሳዕናም ይሁን ዱራሜ፣ አዲስ ፎቅ እያሳየ «ይሄ የማነው?» ብሎ ለጠየቀ እንግዳ «የደቡብ አፍሪካ ልጅ ነው» የሚል መልስ አይጠፋም። የእኛም ልጅ ወግ ማዕረጉን ያየ ነው። መጀመሪያ ጆሃንስበርግ፣ ሐበሻ በሞላበት ጄፔ ጎዳና፣ ዕቃ እየተረከበ ሎኬሽን በሚሏቸው ሰፈሮች ብርድ ልብስና ቀበቶ በትከሻው አዞረ። ኋላ ደርባን ወርዶ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ፎቅ ያመጣል ብለን ስንጠብቅ ይዞ የመጣው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነው፤ አንገቱ ላይ የሚንጠለጠል፣ ሁለት ዓይን ያለው።

«ደርባን ውስጥ» ሲል ጀመረ። (ወሬውን ሁሉ በዚህ ስለሚጀምር የሰፈር ልጆች ስሙን ትተው «ደርባን» ነው የሚሉት። እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚያው ልበለው።) ደርባን ውስጥ፣ የኡምጌኒ ወንዝ ሕንድ ውቅያኖስ ሊገባ ሲል፣ ቢችዉድ የሚባል ጫካ አለ። የባሕር ውኃ እየገባ የሚወጣበት፣ ማንግሮቭ የተባለ ዛፍ የሞላበት ጫካ። እሱ የገባው ተሳስቶ ነው። አንድ እሑድ ሱቁን ዘግቶ ሲያልፍ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ፊት ሰዎች ተሰብስበው አየ። ሐበሻ ሰልፍ ካየ መጀመሪያ ይሰለፋል፤ ምን እንደሚታደል የሚጠይቀው ቦታ ከያዘ በኋላ ነው። ሲጠይቅ የሚታደል ነገር የለም። ባርኔጣ ያደረገው አስጎብኚ ነው፤ ሰዎቹ ጫካ ሊያዩ የመጡ ናቸው።

«ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል» አለ ደርባን። «ለስድስት ሰዓት ያህል ይመጣል፣ ለስድስት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ሰዓቱ ግን በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ነው።»

«እንደ መናኸሪያችን በለኛ!» አለች እህቴ።

ሲሞላ ዛፎቹ ጨው ውኃ ውስጥ ቆመው ይውላሉ፤ ሲጎድል ጭቃው ይቀራል። ጭቃው አየር ስለሌለው ነጭ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ዝም አይልም። እንደ እርሳስ የቀጠኑ ሥሮች ከጭቃው ውስጥ ሽቅብ አቁሞ በእነሱ ይተነፍሳል። ከውኃ ወጥቶ በክንፉ እየተንፏቀቀ ጭቃ ላይ የሚሄድ ዓሣ አለ። አንድ ሸርጣን ደግሞ አለ፤ ወንዱ አንድ እጁ ብቻ ከሌላው ሰውነቱ የማይተናነስ፣ በዚያች እጁ ሴቷን ነይ ነይ እያለ የሚጠራ። ሃያ የሚሆኑ ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ይህን ሸርጣን ሩብ ሰዓት አዩት።

«ከፍለው?» አለች እህቴ።

«ከፍለው።»

«ይበሉታል?»

«አይበሉትም።»

«ጌታ ሆይ!» አለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

ደርባን የፈለገው ያን የመሰለ ነገር በአገሩ ማየት ነበር። የባሕሩን ጉዳይ ለሚመለከታቸው ትተን፣ ለዚህ ልጅ ከየት አምጥተን የሚሞላና የሚጎድል ውኃ እናሳየው? የከምባታው አማቻችን ወዲያው የሐምበሪቾን ተራራ አነሣ። ሰባት መቶ ሰባ ሰባት ደረጃ ተሠርቶለታል፣ ከላይ ሆነህ አገር ምድሩን ታያለህ አለ። ሐምበሪቾን እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ከባሕር ወለል በላይ 3058 ሜትር ነው። ባሕር የሚመስል ነገር ፍለጋ የሚወጣ ሰው አቅጣጫውን ስቷል። ደግሞም አንድ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። ሦስት ሆነን ደረጃውን ስንቆጥር ሦስት የተለያየ ቁጥር ይዘን ደረስን፤ አንዱም 777 አልሆነም። ይህን ስናገር አማቻችን ተቆጣ። «ደረጃው ልክ ነው። የተሳሳተው ትንፋሽህ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቦዮን ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቦዮ እዚሁ ሀዲያ፣ ሻሾጎ ወረዳ ያለ ውኃ ነው። ሐይቅ ነው ያለውም፣ ረግረግ ነው ያለውም አልተሳሳተም፤ የመጣበት ወር ነው የሚለያየው። ክረምት ሲገባ ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ይሞላውና ከአልጋው ወጥቶ ማሳውንና ግጦሹን ይወስዳል፤ ሲከፋም ሰው ከቤቱ ያስነሣል። የተረፈው ወደ ብላቴ ወንዝ ወርዶ አባያ ይገባል። በጋ ሲሆን ውኃው እየሸሸ ሣሩን ይተዋል፤ ከብቱም ውኃውን እግር በእግር ይከተለዋል።

«የደርባን በቀን ሁለቴ፣ የቦዮ በዓመት አንዴ» አልኩት። «ትዕግሥት ካለህ ያው ነው።»

በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሚኒባስ ቦኖሻ ወረድን። ደርባን ባርኔጣውን፣ መነጽሩንና ብዙ ኪስ ያለው ሱሪውን አድርጓል። እኔ ለትምህርት ቤት ስብሰባ የማደርገውን ኮት ለብሻለሁ፤ ጫካ ሲኬድ ምን እንደሚለበስ የነገረኝ የለም። መንገድ ዳር፣ በትራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው የተቀመጡ ሽማግሌ አገኘን። «ጡማ» ብለን ሰላምታ ሰጠን። እሳቸውም ጡማ ብለው ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ ከብቶቼ (ከብት የለኝም)፣ ስለ መንገዱና ስለ ጤናዬ ጠይቀው ሲጨርሱ፣ አስጎብኚ እንደምንፈልግ ነገርናቸው።

«ምን የሚያደርግ?»

«መንገድ የሚመራን፣ የምናየውን የሚነግረን» አለ ደርባን።

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን መነጽር አዩና «አራት ዓይን ይዘህ?» አሉት።

ክፍያ ስናነሣ ግን ተቀየሙ። መንገድ ማሳየት ዋጋ አለው እንዴ? ደግሞ እሳቸውም ወደዚያው ነበሩ፤ ከደረስን በኋላ እንደተረዳሁት ግን ወደዚያ አልነበሩም። በትራቸውን አንሥተው ፊት ፊት መሩ።

ሽማግሌው እርምጃቸው ፈጣን ነው። ችግሩ ሰላምታው ነው። ሣር የተሸከመች ሴት መጣች፣ ቆምን። በቆሎ ያስጫነ ሰው መጣ፣ ቆምን። በአጥር ላይ ሰው ብቅ አለ፣ ቆምን። እዚህ አገር የመንገድ ርዝመት በኪሎ ሜትር አይለካም፤ በዘመድ ብዛት ነው። የደርባን ስልክ እርምጃ የምትቆጥር ስልክ ነበረች፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጉዘን ሲያያት ለጤናው ሲል ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ መክራዋለች።

የሚያገኘን ሰው ሁሉ ደግሞ ሰላምታውን ሲጨርስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ምንም አልጠፋብንም» ይላል ደርባን። «አካባቢውን ለማየት ነው።»

ሰውዬው አካባቢውን ዞር ብሎ ያያል። በቆሎ አገዳ፣ እንሰት፣ አጥር፣ የራሱ አህያ። ከዚያ እኛን ያያል። ከዚያ ሽማግሌውን በሀዲይኛ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሰው የጠየቀው ገብቶኛል፤ መሬት ሊለኩ የመጡ ናቸው ወይ ነው። በመነጽር ማሳ የሚያይ ባለባርኔጣና ኮት የለበሰ ሰው አብረው ሲመጡ ሌላ ምን ይጠረጠራል? አራተኛው ሰውዬ አጥሩ ሥር ወዳለው ድንጋይ ጠጋ ብሎ ቆመ። ድንበሩ ነው መሰለኝ።

ሽማግሌው እዚህ ላይ ደከማቸው። አምስተኛው ሰው ገና አፉን ሳይከፍት «በሬ ጠፍቷቸው ነው» አሉት።

የሰውዬው ፊት ወዲያው በራ። «አይ! እግዚአብሔር ያስገኝላችሁ! ምን ዓይነት?»

«ቀይ» አሉ ሽማግሌው፣ መንገዳቸውን ሳያቋርጡ።

ከዚያ በኋላ ጉዟችን ቀና። በሬ የጠፋበትን ሰው የማያውቅ ማንም የለም።

ደርባን ጫካው መቼ ነው የሚመጣው ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው በበትራቸው ጠቆሙ፤ በሰልፍ የቆመ ባሕር ዛፍ። በምኒልክ ዘመን ከውጭ የገባ ዛፍ ነው፤ ስሙ ላይ ባሕር አለ፣ ባሕሩን ያየው ዘመዱ ግን አውስትራሊያ ነው የቀረው። ደርባን ይሄ አይደለም አለ። እንግዲያው ብለው ወደ ጅረቱ ዳር አወረዱን። እዚያ ጥቂት ሾላ፣ ግራር፣ አንድ የተቆለመመ ዋንዛም ነበር። የደርባኑ አስጎብኚ የዛፉን ቤተሰብና አተነፋፈሱን ነበር የሚናገረው፤ የእኛው ሥራውን ይነግሩናል። ዋንዛውን መታ መታ አደረጉና «ይሄ ሁለት በርና አንድ ጠረጴዛ ነው» አሉ። ግራሩ «አራት ጆንያ ከሰል»። ሾላውን ግን አልነኩትም፤ ጥላው ሥር ቆመው ባርኔጣቸውን ብቻ አወለቁ፤ ሞቋቸው ይሁን አክብረውት አልጠየቅኩም።

አጥር ላይ የተንዠረገገ እንዶድ ሳይ ደግሞ የኔም መምህርነት ተነሣብኝ። አክሊሉ ለማ የሚባል ሳይንቲስት ነበር አልኳቸው። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣ ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተንሳፍፈው አየ። ሌላው ሰው ሁሉ በዚያ ሲያልፍ የኖረ ነው። እሱ ቆሞ አየና፣ በሽታውን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው እንዶድ መሆኑን ለዓለም አሳወቀ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ትልቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘበት። ወንዝ ዳር ቆሞ ማየት እንዲህ ነው አልኩ፣ ለራሴም ሳይታወቀኝ ድምፄን የክፍል አድርጌ።

ሽማግሌው በጥሞና ሰሙኝ። «ሰውየው ምን ጠፍቶት ነበር?»

«ቀንድ አውጣ።»

«አገኘው?»

«ሞቶ አገኘው።»

«አየህ» አሉት ወደ ደርባን ዞረው። «እሱም እየፈለገ ነው።»

ምሳ ሰዓት ሲሆን «እግረ መንገዳችንን» ያሏት የእህታቸው ልጅ ቤት አስገቡን። እግረ መንገዳችን አልነበረም። ዋሳ (ቆጮ)፣ ጎመን በአይብ፣ እርጎ ቀረበ። ደርባን ጫማውን አውልቆ መደብ ላይ ሲቀመጥ መነጽሩ ለቤቱ ልጆች ደረሰ፤ በተራ በተራ አጥር ውስጥ ያለችውን ዶሮ እያዩ ይጮሃሉ። ትንሿ ልጅ ገልብጣ ያዘችውና ዶሮዋ ርቃ ሄደች ብላ አለቀሰች። የቤቱ እመቤት ስለ በሬያችን አዘነች። ባሏ ቀንዱን ጠየቀ። ደርባን አፉ ሙሉ ስለነበር እኔ «አንዱ ትንሽ ጎበጥ ያለ ነው» አልኩ። እንግዲህ ምን ልበል? እርጎ አቅርበውልን።

ቦዮ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደርባን ዝም አለ፤ እኔም። ውኃው ሩቅ ሸሽቶ እንደ ትሪ ጠፍጣፋ ሆኗል። ከእሱ ወዲህ ፊላና ቄጤማ፣ ከዚያ ወዲህ ገና ያልደረቀ ጥቁር ጭቃ በከብት ኮቴ የተበሳሳ፣ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ ሣር። ጭቃው ውስጥ የቀረው እያንዳንዱ የኮቴ ጉድጓድ የራሱ ውኃ፣ የራሱ ሰማይ አለው። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ጥቃቅን ነገሮች ሽቅብ ቁልቁል ይሉበታል፤ አንዲት ውኃ ላይ የምትራመድ ትንሽ ፍጥረት ከዳር እዳር በአራት እርምጃ አቋረጠችው። ሽማግሌው ወደ አንድ ግራር ወሰዱንና ግንዱ ላይ ከወገባቸው ከፍ ብሎ ያለውን የደረቀ የጭቃ መስመር በአውራ ጣታቸው ጫሩት።

«ነሐሴ ላይ እዚህ ነበር።»

ደርባን መስመሩን እንደ ሕፃን ፊት ዳበሰው። «ደርባን ውስጥም ዛፉ ላይ እንዲህ ነው» አለ።

«እዚያ መቼ እንደሚመጣ በምን ያውቃሉ?»

«ሰዓቱ በወረቀት ታትሞ ይሸጣል።»

«እኛ ደጋው ሲጠቁር ነው የምናውቅ» አሉ። «ወረቀቱን የሚያመጣልን የለም። ማታ ይመጣል፤ ጠዋት ከብቱን ማሰሪያው ላይ ቆሞ ታገኘዋለህ። አንዳንዴ አታገኘውም።»

ወፎቹ ከዚያ ወዲያ ነበሩ። ይብራ፣ ሽመላ፣ ስም የማላውቃቸው ብዙ ቀጫጭን እግሮች። ደርባን መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ድንገት ክንዴን ጨበጠኝ። አንገታቸው ነጭ፣ ጀርባቸው አመድማ፣ ከአገጫቸው በግራና በቀኝ ሥጋ እንደ ፍየል የተንጠለጠለባቸው፣ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ሁለት ወፎች ጭቃው ላይ እየቆነጠሩ በክብር ይራመዳሉ። የቀበሌ ሊቀ መንበር ግቢውን ሲጎበኝ ይመስላሉ።

«ይሄን ወፍ አውቀዋለሁ!» አለ። «ደቡብ አፍሪካም አለ! ከደርባን ወደ ተራራው ስትወጣ፣ እርጥብ ሜዳው ላይ!»

ሽማግሌው መነጽሩን አልተቀበሉም፤ በባዶ ዓይናቸው ያዩታል። ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁ። «እሱም ሄደ?»

«አይ፣ አልሄደም ...»

«በየት በኩል ነው የሚያልፈው? በሞያሌ?»

ደርባን ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። እሱ በሞያሌ ነው ያለፈው፤ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን፣ ሞዛምቢክን፣ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግሩ። ለካ ይህ ልጅ በእግር መሄድ ያውቃል። እናቱ ግን ያን ጉዞ ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ነግሯት አያውቅም። ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ በእርጋታ አስረዳቸው፤ ይህ ወፍ ከአገር አገር አይሰደድም፤ የኢትዮጵያው እዚሁ ነው፣ የደቡቡም እዚያው፤ ተገናኝተው አያውቁም፤ በዓለም ላይ እያነሰ የመጣ ወፍ ነው።

«እዚሁ ነው?»

«እዚሁ ነው።»

«ውኃው ሲወስድበትስ?»

«ፈቀቅ ይላል። ሲጎድል ይመለሳል።»

ሽማግሌው ወፉን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት። «ብልጥ ነው» አሉ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ቆየን። ማን ምን ሲያይ እንደነበረ አላውቅም። ስንመለስ መንገዱ እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ሰው በዝቷል። አንድ እረኛ ወደ ምሥራቅ በሬያችንን እንዳላየ ነገረን። ሌላው በምዕራብ በኩል ወንድሙን ልኳል። የጠዋቱ አምስተኛ ሰው በሰፈሩ አውርቷል፤ የእርጎው ቤት ጎበጥ ያለውን ቀንድ ጨምሮበታል። ወሬው እኛን ቀድሞ ቦኖሻ ሲደርስ በሬው ሁለት ሆኗል፤ አንዱማ በመነጽር የሚፈለግ የፈረንጅ ዝርያ ነው ተብሏል።

ከተማው አፋፍ ላይ ሁለት ወጣቶች ላብ አጥምቋቸው ጠበቁን። በገመድ የያዙት ቀይ በሬ ነው። አንድ ቀንዱ ጎበጥ ብሏል።

«ይኸው!» አሉ።

ደርባን አየኝ። እኔ ሽማግሌውን አየሁ። ሽማግሌው ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «አይደለም በሉ» አሉኝ። «ግን አይታችሁ በሉ። ልጆቹ ደክመዋል።»

ደርባን ወደ በሬው ቀረበ። ባርኔጣውን አወለቀ። ፊቱን፣ ሻኛውን፣ ኮቴውን፣ እያንዳንዱን የጎድን አጥንት አየ። ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሩብ ሰዓት ያህል አየው። ዙሪያችንን ሃያ የሚሆን ሰው ከበበን፤ ሁሉም ጎንበስ ብለው ከእሱ ጋር ያያሉ። አንድም ሰው አልተነፈሰም። በሬው ብቻ ነው ያመነዠከው።

«አይደለም» አለ በመጨረሻ፣ ቀና ብሎ። «የእኛ ግራ ጆሮው ላይ ምልክት አለው። ተሰንጥቋል።»

«አይ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ፣ ከልቡ አዝኖ። ወጣቶቹ ፍለጋው እንደማይቆም ማሉልን። ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁ፤ ኮት የለበስኩት እኔ ስለሆንኩ ባለቤቱም እኔ ነኝ ተብሏል። ለሽማግሌው በድብቅ ብር ላስጨብጣቸው ስሞክር እጄን መልሰው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። ለበሬው መፈለጊያ ይሁንህ አሉ፤ ሲናገሩ ዓይናቸው ሳቀ፣ አፋቸው ግን አልሳቀም።

ይህ ከሆነ አንድ ወር አለፈው። ባለፈው ሐሙስ ፈተና እያረምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው።

«መምህር፣ ከቦኖሻ ነው። ደስ ይበልዎ። ሌላ በሬ ተገኝቷል። ቀይ ነው። ግራ ጆሮው ተሰንጥቋል።»